የሰንበት ውሃና የአያ ደሴ ዐይን

ይህን ነገር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ አላወጣሁትም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳታውቀው ሄደች። ልጆቼ እስካሁን ከአፌ አልሰሙትም። ዛሬ አንተ አንባቢዬ የማላውቅህ ሰው ስለሆንህ ከፊትህ ተቀምጬ እናገራለሁ።

በፊት ግን ማን እንደሆንሁ እወቅ፤ የማንን ኃጢአት እንደምትሰማ ሳታውቅ አትፍረድ። አድማሱ እባላለሁ። ከጅጋ አስፋልቱን ለቅቆ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ባለች ቀበሌ ተወልጄ ያረጀሁ ገበሬ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ ከገበያ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየለቀምሁ፣ መንገደኛውን ሁሉ «ይቺ ማን ናት?» እያልሁ። በሁለት ክረምት ጨረስሁት። ዛሬ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ማመልከቻ ሊያጽፍ ፍኖተ ሰላም የሚሄደውን ሰው ከመንገድ መልሼ እኔው እጽፍለት ነበር፤ ቢሮ ያሉትም «የዚህ ሰው ጠበቃ ማነው?» ብለው ጠይቀዋል። በቀበሌያችን ቀይ ሽንኩርት በመስኖ መጀመሪያ የተከልሁ እኔ ነኝ። ዘመናዊ ቀፎ አንድ ጊዜ በዐይኔ አይቼ ብቻ የሠራሁ እኔ ነኝ። የቄሱን ሬዲዮ ፈትቼ ያናገርሁም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልመካም ብዬ ነው። እውነት ከሆነ ምን ላድርገው?

የእኛ ቀበሌ በበጋ የምትኖረው በአንዲት ወንዝ ነው። ወንዟን በድንጋይና በአፈር እንከትራታለን፤ ከክትሩ ውሃው በቦይ ወደየማሳችን ይወርዳል። ማጠጣቱ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስጠብቀውን ሰው ሕዝቡ ይመርጠዋል፤ የውሃ አባት እንለዋለን። ከተራው ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ የውሃ አባቱ የቦዩን አፍ በጭቃና በሣር ይዘጋዋል፤ እስከ ሰኞ ጧት ማንም አይከፍተውም። የሰንበት ውሃ የእግዜር ነው። በወንዙ ቁልቁል ሄዶ ቦይ የማይደርስላቸውን የታችኞቹን ሰዎች ኩሬ ይሞላል። እነሱ በሰንበት እጃቸውን አያነሡም፤ ውሃው ራሱ ይሄድላቸዋል። ሰኞ በባልዲ እየቀዱ ሳምንቱን ጓሯቸውንና ከብታቸውን ያጠጣሉ። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ጥሩ ሕግ መሆኑ ግን ልጅ ሆኜም ይገባኝ ነበር።

በዚያ ዘመን የውሃ አባታችን አያ ደሴ ነበሩ። እኔ ሰው ማድነቅ ብዙ አይሆንልኝም፤ እሳቸውን ግን አደንቅ ነበር። ለገዛ ወንድማቸው ሲያዳሉ ያየ የለም። የልጃቸው ሠርግ ቀን አካፋ ይዘው ከዳሱ ወጥተው የጎረቤት ተራ ሊከፍቱ ሲሄዱ አገኘኋቸው። «አያ ደሴ፣ ዛሬን እንኳ!» ብላቸው «ሽንኩርቱ መች ሠርግ ተጠራ?» ብለውኝ አለፉ። ዐይናቸው ደግሞ ጉድ ነበር። ክትሩ ላይ ቆመው ከታች ያለው ማሳ መጠውለጉን ያውቃሉ፤ የጣት ያህል ውሃ ቢሾልክ ከሩቅ ይታያቸዋል። ድንበር የተጣላ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። የእሳቸው ዐይን ለአገሩ እንደ ማኅተም ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ሳላውቅ አልልም።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ተራዬ ዓርብ ነበር። ዓርብ ቦዩ ተናደ፤ ተጠግኖ ሳያልቅ መሸ። ቅዳሜ የሌላ ሰው ነው። የእኔ ተራ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው፤ ሽንኩርቴ ደግሞ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። መጽሐፌን ገለጥሁ። በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣው ማነው የሚለውን አገኘሁ። አየህ፣ መጽሐፍን ያለ መምህር ለብቻ ማንበብ እንዴት ያመቻል? መምህር ቢኖረኝ «በሬዎቹ ታችኞቹ ናቸው፤ ጉድጓዱ አንተ ነህ» ይለኝ ነበር።

እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲገባ ወደ ቦዩ አፍ ወረድሁ። ከጭቃው አንድ ጭብጥ አነሣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ደወል ሲደወል የተጠራሁ መስሎኝ ዘልዬ ቆምሁ። ግማሹን ማሳ ብቻ አጠጥቼ ደፈንሁት፤ ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ያ መንቀጥቀጥ የእግዜር እጅ ነበር፤ እጄን ይዞኝ ነበር። እኔ ግን ፈሪነት መሰለኝና አፈርሁበት። አድማሱ ፈሪ ነው እንዴ?

ስለዚህ እንዳልንቀጠቀጥ ብልሃት ፈለግሁ። ከእንጅባራ ነጋዴዎች ቀርከሃ አመጣሁ፤ አንጓውን በጋለ ብረት በሳሁት። የእኔ ማሳ ከክትሩ ሥር የመጀመሪያው ስለሆነ መደቤን የማስተካክል መስዬ ቀርከሃውን ከክትሩ ወደ ማሳዬ ቀበርሁት፤ ጫፉን በእንጨት ወተፍሁት። ውታፉን ስነቅል ውሃው ከመሬት ሥር ይመጣልኛል። የቦዩ አፍ እንደተዘጋ ነው፤ ጭቃው አልተነካ፣ ሣሩ አልተነሣ። መሐንዲስ አላየውም፤ ጠብታ ግን አያባክንም ነበር።

በሁለተኛው ሰንበት ውታፉን ነቅዬ ቤቴ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ነቅዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆምሁ። በአራተኛው ገባሁ። በአምስተኛው ከፊት ቆሜ «እግዚኦ» ስል ድምፄ ከሁሉ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ደወሉ ሰዓቴ ሆነ። ሲደወል እነቅላለሁ፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሲያሰናብት ማሳዬ እንደጠጣ አውቃለሁ። ቅዳሴ ረዘም ካለ ደስ ይለኝ ጀመር። የንስሐ አባቴ በጾሙ መግቢያ ሲመጡ «ሰንበትን በሚገባ አላከበርሁም» አልኋቸው። አርፍዶ የተነሣ ሰውም እንዲሁ ይላል። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ነቀልሁ። ልብ በል፣ በዚያን ጊዜ ሽንኩርቴ ጠግቧል። ሥሩ ሊበሰብስ ደርሷል። ታዲያ ለምን ነቀልሁ? ስለቻልሁ።

የፈርዖንን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር እስቅበት ነበር፤ መቅሠፍቱ ሲመጣ ይለምናል፣ ሲሄድ ይረሳል፣ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው እያልሁ። አሁን አልስቅም። እግዜርን እምቢ ማለት ልብን በአንድ ቀን አያደነድንም። በታረሰ ማሳ መካከል ሰው ሲያቋርጥ መጀመሪያ ቀን ዱካው ጎድጉዶ ይታያል። በየቀኑ ካቋረጠ ዱካው መታየቱ ይቀራል፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኗላ! እኔም ዱካዬ ስላልታየኝ ያልረገጥሁ መሰለኝ።

በሰባተኛው እሑድ እማሆይ ብርቄ መጡ። ከታች ብቻቸውን የሚኖሩ መነኵሲት ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ የደረቀ የቃሪያ ችግኝ ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙና «ኩሬያችን ስድስት ሰንበት አልሞላም» አሉ። «እናንተ ላይኞች፣ እግዜርንም በተራ አስገባችሁት ወይስ ምን ሆነ?»

ሰው ደነገጠ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፤ ማሳ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ መስቀሉን እየጨበጠ «የሰንበት ውሃ አልነካሁም» እንዲል ሆነ። ተራዬ እስኪደርስ ምላሴ ይታሰራል፣ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ጨበጥሁ። «የሰንበት ውሃ አልነካሁም» አልሁ። ምንም አልሆነም። ድምፄ እንኳ አልሻከረም። ሌላው ሰው እውነት ይዞ ሲንተባተብ እኔ ውሸት ይዤ ጥርት አልሁ። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ጥራት ነው።

ሁሉም ምሎ ሲያልቅ አንዱ ከኋላ «ታዲያ አያ ደሴ ለሌላ ሰጥተውታላ!» አለ።

አያ ደሴ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። «አልሰጠሁም» አሉ። «ግን የቦዩን አፍ የዘጋሁ እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ሄጄ ተዘግቶ ያየሁትም እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ደግሞ በመስቀል ምለዋል። እንግዲህ ውሃው ካልደረሰ የዋሸው ዐይኔ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ኃጢአቴ በተቀነሰ ነበር። ዝም አላልሁም። «ሽማግሌ ይጦራል እንጂ ውሃ ያስጠብቃል እንዴ? አያ ደሴን እናሳርፋቸው» አልሁ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ያኔውኑ በእሳቸው ቦታ እኔን መረጡ፤ ማን ሊመረጥ ኖሯል? ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

በማግሥቱ አያ ደሴ አካፋቸውን ይዘው ቤቴ መጡ፤ ቂም ያለበት ፊት ፈልጌ አጣሁ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ከእኔ ጋር ሄዱ፤ የት የት እንደሚናድ፣ አይጥ የት የት እንደምትቦረቡር፣ ማን ተራውን አሳልፎ እንደሚለምን አሳዩኝ። ለሚጠላው ሰው እንዲህ የሚያስተምር አይቼ አላውቅም። የቀርከሃውን መቀበሪያ ረግጠን አለፍን።

የውሃ አባት ከሆንሁ በኋላ ቀርከሃውን ለዘለዓለም ወተፍሁት። በንስሐ እንዳይመስልህ፤ አሁን ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ኩሬው እስከ አፉ ሞላ። እማሆይ ብርቄ መጥተው መረቁኝ። ሰውም «አይ አድማሱ! አላልናችሁም?» አለ። መስረቄን ባቆምሁበት ቀን የአያ ደሴ ጥፋት ተረጋገጠ። ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ ሲሆን ግን ደስ አለኝ።

ዐሥር ዓመት የውሃ አባት ሆንሁ፤ ጎበዝ ነበርሁ፤ አንድ ሰው ተራው አላለፈበትም። አያ ደሴ ግን ዐይናቸውን ማመን ተዉ። ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ለንስሐ አባታቸው «የድሆችን ውሃ በዝንጋታ አስፈስሻለሁ» ብለው ተናዘዙ፤ ባልሠሩት ኃጢአት ቀኖና ተቀበሉ። በየዓመቱ በጾሙ ቦዩን ከክትሩ እስከ መጨረሻው ብቻቸውን ይጠርጋሉ፤ ደለሉን በጀርባቸው ያወጣሉ። ጎንበስ ብለው ሲጠርጉ በአጠገባቸው እያለፍሁ «ይበርቱ አያ ደሴ» እላለሁ። ድንበር የተጣላ ሲጠራቸው «የቦይ አፍ ያላየ ዐይን ድንበር አያይም፤ ሌላ ሰው ጥሩ» ይላሉ። ከእኔ ስትሰማው ይቀልልህ ይሆናል። እኔ የሰረቅሁት ውሃ በሚቀጥለው ክረምት በዝናብ ተመልሷል። የሰረቅሁት ዐይን ግን አልተመለሰም።

አንድ ቀን «ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ውሰደኝ፤ አንተ ወረቀት ታውቃለህ» አሉኝ። ወሰድኋቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት በጣታቸው እንዲያሳዩ አደረገቻቸውና ሳቀች።

«አባቴ፣ የመጨረሻውን መስመር እንኳ አልሳቱም እኮ! እኔ ራሴ እንዲህ አላይም።»

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሏት፣ «ግን አታውቂኝም። ይህ ዐይን ውሃ ሲሄድ አላየም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ምን ማለታቸው ነው?»

«እርጅና ነው፤ ይዘነጋሉ» አልኋት።

ይህን ስል እጃቸው ክንዴ ላይ ነበር። በባጃጅ ስንመለስ «ሥራህን ትተህ ተንገላታህልኝ» እያሉ አመሰገኑኝ። ልቤ ያኔ የት ነበር? ብታገኘው ንገረኝ። እኔ ስለ ምሳ እያሰብሁ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ልሞት ነበር። ዘንድሮ ግን ቦዩ በሲሚንቶ ሊሠራ ጎረምሶች መቆፈር ጀመሩ፤ ከማሳዬ ጥግ ሲደርሱ ቀርከሃውን አወጡት። ግማሹ በስብሷል፤ ግማሹ እንዳለ ነው።

«ኧረ ኑ እዩ! የጥንት ሰው እንዴት ያለ ብልህ ነበር!» አለ አንዱ።

«የምን የጥንት ሰው፣ ይሄ የጣሊያን ሥራ ነው» አለ ሌላው። «የእኛ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?»

ጣሊያን! ደሜ ፈላ። «የምን ጣሊያን! እኔ ነኝ የሠራሁት!» አልሁ።

«አባባ፣ እርስዎ? ለምን ሠሩት?»

ቆምሁ። በንስሐ በኩል ሲያንኳኳ ያልከፈትሁለት እግዜር በትዕቢቴ በኩል ገባብኝ። ልቤ ለስልሶ አይደለም የተያዝሁት፤ ሥራዬን ለጣሊያን አልሰጥም ብዬ ነው። ይህን ሳልደብቅ የምነግርህ ከዚህ የተሻለ ሰው እንዳልመስልህ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት አያ ደሴ ቤት ሄድሁ። መደብ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኋቸው። ባቄላውን አስቀመጡት።

«ከክትሩ ሥር ነው የቀበርኸው?»

«አዎ።»

«የቦዩ አፍ አልተነካም?»

«ከመጀመሪያው ሰንበት በቀር አልተነካም፤ ያንንም ደፍኜዋለሁ።»

«ጭቃው?»

«እርስዎ እንዳደረጉት ነበር።»

ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ብድግ ሲሉ ከዘራቸውን አላነሡም። «እሰይ!» አሉ። የልጃቸውን ሚስት ተጣሩ። «አንቺ ልጅ፣ ነይ ስሚ! ዐይኔ ደህና ነበር! ደህና ነበር ዐይኔ!» እጃቸውን አጨበጨቡ። እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እሳቸው ግን ስለ እኔ ረስተዋል። እንደ ልጅ ሲደሰቱ መሬት ላይ ሆኜ አየኋቸው። አሥራ አራት ዓመት የተሸከሙት ሸክም ከላያቸው ሲወርድ ስለ ጫነባቸው ሰው አላሰቡም።

ኋላ «ተነሥ፤ ይልቅ ያን ቀርከሃ አሳየኝ» አሉ። ሄድን። አገላበጡት፤ አንጓውን በጣታቸው ለኩት። «ጎበዝ ነህ እኮ» አሉኝ። «ይህን አደባባይ አውጥተህ ብትሠራው ታችኞቹም ቦይ በኖራቸው ነበር።» ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ይህ ምስጋና በላኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ ደሴ» አልሁ።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ። «ዛሬ ደስ ብሎኛል። ስቆጣ ትመጣለህ።»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ሽንኩርቴ ጠውልጎ ነበር አልልህም፤ ቦዩ ተንዶ ነበር አልልህም። ብዙ ሰው ሽንኩርቱ ጠውልጎበት ሰንበትን አክብሯል። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ብቻ ልንገርህና ላብቃ፤ መቼም የሠራሁትን መቁጠር እወዳለሁ።

አያ ደሴ ሲቆጡ ሄጃለሁ። ተቆጡ። ያሉኝን አልጽፈውም፤ የሚገባኝን ነው።

ለንስሐ አባቴ ቃሉን ሳላሳጥር ነግሬአቸዋለሁ፤ ቀኖናውንም ተቀብያለሁ።

ታች ወርጄ ለእማሆይ ብርቄ ነግሬአቸዋለሁ። «ምርቃቴን መልስ» አሉኝ። እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም፤ ስድስት ሰኞ በባልዲ ጓሯቸውን አጠጥቻለሁ።

አያ ደሴን ለድንበር ዳኝነት የጠራቸው ሰው ነበር፤ ሄዱ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ቆሜ ሰምቻለሁ።

ይህን ወረቀት በገዛ እጄ ጽፌአለሁ፤ ያለ አንድ ሰው እርዳታ። በሚመጣው ሰንበት ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ልጆቼ ባሉበት፣ አያ ደሴ ባሉበት አነበዋለሁ። ቄሱ ፈቅደዋል።

ማልቀስ ግን አልቻልሁም። ሞክሬአለሁ። ንስሐ አባቴ «ይመጣል» አሉኝ፤ እስካሁን አልመጣም። የቻልሁት ይህን ያህል ነው።